ገና ላልጸና ልጅ ልብን ስለ መስጠት

ባለፈው ጥር ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቤቴ መጣ። ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ጐልማሳ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ በሰባተኛ ክፍል የመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ነው። ቡና ቀረበለት፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ሚስቱ በሰባት ወርዋ እንደ ወለደች፥ ሕፃኗም ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ እንደ ገባች፥ ክብደቷም 1,200 ግራም እንደ ሆነ ነገረኝ። ቀጥሎም፤ «ጋሼ፥ ስም እናውጣላት ወይስ እንጠብቅ?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ውስጡን ብትመረምሩት የተጠየቀው ስለ ስም አይደለም። ትኑር አትኑር ላልታወቀች ፍጡር ሰው ልቡን ሁሉ መስጠት ይገባዋልን? ወይስ ኋላ ከሚመጣው ኀዘን ራሱን ለመጠበቅ ልቡን ጥቂት ቢቈጥብ ጥበብ ይሆንለታልን? የጠየቀኝ ይህን ነው። እኔም ለዚሁ ጥያቄ ከአርባ ዓመት በፊት የተሳሳተ መልስ የሰጠሁ ሰው ስለ ሆንሁ በዚያን ቀን አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልሁም። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት አሰብሁ።

አስቀድሜ ስለ ልማዳችን ልናገር። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ሕፃኑ ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ እንደ ሆነ ግን እልልታው ይታፈናል፤ ሴቶቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ «ማሙሽ»፥ «ሚሚ» እየተባሉ የሚቈዩ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ላረፈ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። እናቲቱንም «ሌላ ይተካል፤ እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ብለው ያጽናኗታል።

ይህን ልማድ ጭካኔ ነው የሚል ወጣት ቢኖር አይፍረድ እላለሁ። ስምንት ወልዳ አራት የቀበረች ሴት ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ብታለቅስ ለቀሩት ልጆች እንጀራ የሚጋግር እጅ አይኖራትም ነበር። ልማዱ የተሠራው በክፋት አይደለም፤ በተደጋገመ ሞት ነው።

አንዳንዱ አባባል ግን ከንቱ ነው። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፥ የስምንት ወር ግን አያድግም» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። የእኛ ሴቶች ብቻ የሚሉት መስሎኝ ሳለ፥ በጥንት ግሪኮች ዘንድ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ስለ ስምንት ወር ልጅ የተጻፈ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ስሕተት ምን ያህል ረጅም መንገድ እንደሚጓዝ አይቼ ተገረምሁ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሕፃን በማሕፀን የሚቈይባት እያንዳንዷ ሳምንት ትጠቅመዋለች፤ ስምንት ወር የሞላው ከሰባት ወሩ ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1976 ዓ.ም. በአንዲት የአውራጃ ከተማ አስተምር ነበር፤ ዕድሜዬም ሃያ ስድስት ነበር። ያሳደገኝ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነውና ንጽሕናን፥ ሰዓት ማክበርን፥ እጅ ጽሑፍን አሳምሬ ተምሬአለሁ፤ አራስ ቤት ገብቶ ልጅ ማቀፍን ግን ለወንድ ልጅ ያስተማረ አልነበረም፥ በሚስዮኑም በቤታችንም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። በጤና ጣቢያው ማሞቂያ ስላልነበረ አዋላጇ በጥጥ ጠቅልላ ሰጠችንና ወደ ቤት ወሰድናት። በሁለተኛው ቀን አማቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ደጃፍ ላይ ጠርተው «ልጄ፥ ዓይንህን አታስለምድ» አሉኝ። አራት የቀበሩት ሴት ብዬ ከላይ የተናገርሁት ስለ እርሳቸው ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያውቁትን መድኃኒት ነው የሰጡኝ።

እኔም ታዘዝሁ። የፈተና ወቅት ነበርና ወረቀት ማረም በዝቶብኛል እያልሁ ከትምህርት ቤት አመሽ ነበር። በሌላው ክፍል መደብ ላይ አንጥፌ ተኛሁ። ሕፃኗን አላቀፍኋትም፤ ስትጠባ አላየኋትም፤ ስምም አላወጣሁላትም። ባለቤቴ ግን ሌሊቱን ሁሉ በጋቢ ሥር ከደረቷ ላይ አስተኝታ ታሞቃት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሊነጋ ሲል አረፈች። ከሁለት ጎረቤቶች ጋራ ሄጄ ቀበርኋትና በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍል ገብቼ ስለ አባይ ሸለቆ አስተማርሁ።

ታዲያ ኀዘኑ ቀለለህን? ብትሉኝ፥ የለም አልቀለለኝም። በሌላ መልክ መጣ እንጂ አልቀረም። የሚያስታውሰው ያለው ሰው እያስታወሰ ያለቅሳል፤ እኔ ግን ፊቷን እንኳ አጥርቼ ስላላየሁ የማለቅስበት ነገር አጣሁ። ከዚህም የሚብሰው፥ እኔ የሸሸሁትን ሸክም ባለቤቴ ብቻዋን ተሸከመችው። ከቤታችን ውስጥ ለዚያች ልጅ ያዘነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም ሰው ከእኔ ጋራ ስለ እርስዋ ለመናገር አልቻለም። ልቤን የቈጠብሁ መስሎኝ የሰው ዕዳ አበዛሁ። ብዙ ዓመት ያለፈው ይህን ሳንነጋገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት የተጻፈ ባገኘሁ ቍጥር ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ሐኪሞች ያለ ጊዜው ተወለደ የሚሉት 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ እንዲህ የተወለዱት 13.4 ሚሊዮን ናቸው፤ ይኸውም ከ10 ሕፃናት አንዱ ያህል ማለት ነው። ሀብትና ሥልጣንም ከዚህ አያስመልጡም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ነሐሴ 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ሆኖ ሳለ ሳንባው ስላልበሰለ በ39 ሰዓት ሞተ። የሳንባው ሕመም ምክንያት ሳንባን ከመጣበቅ የሚጠብቀው ቅባት መሰል ነገር ማነሱ እንደ ሆነ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለችው ሐኪም ከአራት ዓመት በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1959፥ ገልጣ ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ነገር ለሕፃናት ሰጥቶ ማዳን መቻሉን የጃፓኑ ሐኪም ፉጂዋራ ያሳወቀው በ1980 ነው። ለፓትሪክ አልደረሰለትም፤ ዛሬ ግን መሣሪያና መድኃኒት በተሟላበት ሆስፒታል እርሱን የመሰለ ሕፃን ይድናል።

ካነበብሁት ሁሉ ልቤን የነካው ግን አንድ የፈረንሳይ ሐኪም ያስተዋለው ነገር ነው። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ታርኒዬ የተባለ ሐኪም የጫጩት ማስፈልፈያ አይቶ ለሕፃናት ማሞቂያ አሠራ። በማሞቂያውም ብዙ ሕፃናት ተረፉ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ፒየር ቡደን ግን አንድ እንግዳ ነገር ተመለከተ። ልጆቻቸው በማሞቂያ ተከልለው በሠራተኞች እጅ ብቻ ሲያድጉ፥ አንዳንዶቹ እናቶች ፍቅራቸው እየቀዘቀዘ ሄዶ ልጃቸውን እስከ መተው ደረሱ። ስለዚህ እናቶቹ እየገቡ ልጆቻቸውን እንዲያዩና እንዲያጠቡ አደረገ።

ይህን ሳነብ ብርሃን የበራልኝ ያህል ሆነ። እኛ ሁላችን ፍቅር ይቀድማል፥ አገልግሎት ይከተላል ብለን እናምናለን። ልባችን ሲሞላ እጃችን ይዘረጋል እንላለን። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ እጅ ቀድሞ ይሄዳል፥ ልብም እጁን ተከትሎ ይመጣል። እጁን የከለከለ ሰው ልቡን ደግሞ መከልከሉ አይቀርም፥ ባያስበውም እንኳ። በ1976 ዓ.ም. ያቺን ልጅ አልወደድኋትም ነበር ብዬ ራሴን ስከስስ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን በደሌን በትክክል ለመጥራት እችላለሁ። በደሌ ከዚያ ይቀድማል፤ አለማቀፌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም የማሞቂያ እጥረት አስጨንቆት፥ ሕፃናትም በአንድ ማሞቂያ እየተደረቡ በተላላፊ በሽታ ሲያልቁበት፥ እናቶችን ራሳቸውን ማሞቂያ አደረጋቸው። ሕፃኑ ራቁቱን፥ ገላው ከእናቱ ገላ እየተነካ፥ በሁለት ጡቶችዋ መካከል ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ ቀንና ሌሊት እዚያው ይውላል፥ እዚያው ያድራል፤ ሲርበው ይጠባል። በአውስትራሊያ አገር ልጅዋን ከሆድዋ ባለ ኪስ በምታሳድገው በካንጋሮ ስም ሰየሙት። አማቴ ቢሰሙ ይሥቁ ነበር፤ ልጃቸው ያንኑ ሥራ በጋቢ ሥር ማንም ሳያስተምራት ሠርታዋለችና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በተለይ አስተውሉልኝ። ብዙ ዘመን የሐኪሞች ደንብ ሕፃኑ ከጸና በኋላ ከእናቱ ደረት ይዋል የሚል ነበር። መጀመሪያ ትንፋሹ ይስተካከል፥ መጀመሪያ አደጋው ይለፍ፥ ከዚያ እናቱ ትቀበለው። የእኛም የስም ደንብ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ክብደታቸው ያነሰ 123 ሕፃናትን ተከታትለው፥ ሳይጸኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ከእናታቸው ደረት የዋሉት በበለጠ መትረፋቸውን አሳዩ። በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፥ በሕንድ፥ በማላዊ፥ በናይጄርያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ3,200 በላይ ሕፃናት ላይ ያስጠናው ጥናት በ2021 ታተመ። እስኪጸኑ ከተጠበቁት ሕፃናት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 16 ያህል ሲሆኑ፥ ሳይጸኑ ወዲያው ከደረት ከዋሉት ግን የሞቱት ከመቶ 12 ናቸው። ልዩነቱ ግልጥ ስለ ሆነ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። እንግዲህ ስንጠብቀው የኖርነው ጽናት የሚመጣው ካልጠበቅን ነው። እንዲጸና የሚያደርገው ያ ሙቀት ነውና።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጄ በ29ኛው ሳምንት ወንድ ልጅ ወለደች። ክብደቱ 1,150 ግራም ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይበልጥም። እናቱ በደም ግፊት ታምማ ተኝታለች፤ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና በጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ባለቤቴ ቀኑን በሙሉ ከደረቷ ላይ ይዛው ዋለች። ሲመሽ ግን ደከማት። አንዲት ወጣት ነርስ ወደ እኔ ዘወር ብላ፤ «አባባ፥ ሸሚዝዎን ያውልቁ» አለችኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ሠላሳ ስድስት ዓመት በከረባት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ስድስት ሴቶች በተኙበት ክፍል ሸሚዝ ማውለቅ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሴቶቹ አንዲቱ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ፤ አወለቅሁም። ነርሷ ሕፃኑን ከኮፍያውና ከሽንት ጨርቁ በቀር ራቁቱን አምጥታ ከደረቴ ላይ አኖረችው፤ ራሱንም ወደ ጎን አዙራ በነጠላ አጥብቃ አሰረችን። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነበር። ከአፍንጫው የወረደው ቀጭን ቱቦ የእናቱን ወተት ያደርስለታል። «አንዳንድ ጊዜ መተንፈስ ይረሳል» አለችኝ፤ «ያን ጊዜ ጀርባውን በጣትዎ ነካ ያድርጉት፤ ያስታውሳል»።

በዚያች ሌሊት ሁለት ጊዜ ረሳ። ሁለት ጊዜ አስታወስሁት። እግሬ ደነዘዘ፤ ወገቤ ታመመ፤ እኔ ግን አልተንቀሳቀስሁም። ይኖራል አይኖርም የሚለው አሳብ በዚያ ሰዓት ከራሴ ፈጽሞ ጠፋ፤ የሚቀጥለው ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚታሰበኝ።

በማግሥቱ በታክሲ ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ በመስኮት እያየች፤ «እሷም እንዲሁ ነበር የምትሞቀው» አለችኝ። ማንን ማለቷ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያም ስሟን ነገረችኝ። ለካ በሁለተኛው ሌሊት አውጥታላት፥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ስትጠራት ኖራለች።

ይህን ሁሉ ያልሁት ፍቅር ሁልጊዜ ያድናል ለማለት አይደለም። እንዲህ ብል ዋሾ እሆናለሁ፤ ከዚያም አልፎ አንዲት ሴት እበድላለሁ። ከልጄ አጠገብ ባለው አልጋ ከገጠር የመጣች ወጣት እናት ነበረች። ልጅዋን ከደረቷ ሳታወርድ አሥራ ስድስት ቀን ያዘችው፤ ስም አውጥታለታለች፥ ታዜምለትም ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሞተ። ሳንባው፥ ወይም ደሙ ተመርዞ ነው አሉ። ፍቅር ቢያድን ኖሮ የእርስዋ ልጅ ከእኛ ልጅ ይቀድም ነበር። ስትወጣ የልጅዋን የሱፍ ኮፍያ ለልጄ ሰጠቻትና፤ «የኔን ሙቀት ይዞታል፤ ይልበሰው» አለቻት። ኀዘኗ ከእኔ የ1976 ኀዘን ይበልጥ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያቺ ሴት አሥራ ስድስት ቀን ልጅ ነበራት። እኔ ዘጠኝ ቀን ልጅ ነበረኝ ብዬ ለመናገር አልችልም።

ልብን መስጠት ሲባል ደግሞ ሐኪሙን እያስጨነቁ ሁሉን ነገር አብዝቶ መስጠት የሚመስለው አለ። በጎ ፈቃድም መጠን ሲያጣ ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኦክስጅን ያለ ልክ ይሰጡ ነበር፤ በዚህም ብዙ ሺህ ሕፃናት ዓይናቸው ጠፋ። በ1950 የተወለደው ዘፋኙ ስቲቪ ዎንደር ከእነዚህ አንዱ ነው። በቤትም እንዲሁ ይሆናል። ልጄ የልጅዋን ትንፋሽ ለመስማት ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሣች፥ አፈር እንዳይነካ እየከለከለች፥ ዘመድ ሲስመው እየተቈጣች አሳደገችው። ጎረቤትም «ይህ ነው የዓመት ልጅ?» ሲል ይጠይቃታል። ሐኪሟ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምረሽ ቍጠሪ ስላላት አሥር ወሩ ነው ብላ ትመልሳለች፤ ጎረቤቱ ግን ትዋሻለች ብሎ ይሄዳል። ሰው ያተረፈውን ልጅ ከፍርሃቱ ለይቶ መውደድን መማር አለበት፤ ይህም ከመጀመሪያው ሌሊት የማይተናነስ ሥራ ነው። ልጁ ዛሬ አንደኛ ክፍል ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ ኳስ ላይ ይወድቃል፥ ጉልበቱ ሁልጊዜ የተላጠ ነው።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ አልጻፍሁለትም። ሦስት መስመር ብቻ ጻፍሁ፤ ስም አውጣላት፥ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ገብተህ ሸሚዝህን አውልቅ፥ ሚስትህን ብቻዋን አትተዋት አልሁት። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና የድሮውን ጋቢ አጥባ ጨመረችበት። ቢታጠብም ሆስፒታሉ ያስገባው እንደ ሆነ እጠራጠር ነበር፤ እርስዋ ግን አልሰማችኝም።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ሕፃኗ በሳምንት ውስጥ 90 ግራም ጨምራለች፤ ኦክስጅኑ ግን ገና አልተነቀለላትም፥ ሐኪሞቹም ምንም ተስፋ ቈርጠው ወይም ተስፋ ሰጥተው አልተናገሩም። ጋቢውን በር ላይ ከልክለውታል፤ ሚስቱ መኝታ ክፍል ውስጥ አድርጋ ትለብሰዋለች። ወሬውን ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ «ሕፃኗ» አላላትም፤ በስሟ ነበር የሚጠራት።